እንጀራው የማን፣ ፍርዱ የማን?

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ ወንጌል አለው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ ያበረከቱት ነው፤ የራሳቸውም ምስል ተስሎበታል። ዘመናቸው በትክክል ከታወቀ ባለሥዕል የአገራችን ብራናዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ የታሪክና የሥነ ጥበብ ሊቃውንት አብዝተው ጽፈውበታል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከሥዕሉ ይልቅ ወጪው ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይሰመራል። ፋቂው፣ ጸሐፊውና ሠዓሊው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ይበላሉ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ የገቡት በ1248 ገደማ ነው፤ በእርሳቸው ዘመን ገዳሙ የጸሎት ቦታ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታት ተምረውበታል። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክ የወጡት ከዚያው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም የመጽሐፈ ምሥጢሩ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚያው ቀለም ቆጥረዋል። ይህ ሁሉ ሰው ሲማር ቀለቡን የሚሰፍር ነበረ። ማን ነበር? ስለ ሰፈረስ ምን ጠየቀ?

ጥያቄው የመነኮሳት ብቻ አይደለም። ዛሬ በየከተማው ስለሚከፈተው የግል ኮሌጅ፣ በተለይም ባለቤቱ ወይም ዋና ደጋፊው የንግድ ድርጅት ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ስንከራከር የምንከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ፈር ይስታል። አንዱ «ትምህርት ሸቀጥ ሆነ» ብሎ ያማርራል። ሌላው «ባለሀብቱ ባይከፍተው የት ትማሩ ነበር?» ብሎ አፍ ያስይዛል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ከፋዩ ማንነት ነው። ከፋይ የሌለው ትምህርት ግን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ወይ ንጉሥ፣ ወይ ግብር ከፋይ፣ ወይ ነጋዴ፣ ወይ ወላጅ፣ ወይ ደግ ጎረቤት ከፍሎበታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከፋዩ ስለ ከፈለ የሚገባው ነገር እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው።

በእኛ አገር ይህን መጠየቅ ከባድ ነው። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ከስድቦቻችን ሁሉ የመረረው ነው። በወሎ ቅሬው፣ ደቦው፣ ሰርጉና ለቅሶው ሁሉ የቆመው በውለታ ነው፤ ትናንት የደገፈህን ዛሬ ካልደገፍክ ሰው አይደለህም። እኔም ይህ ባህል እንዲጠፋ አልፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ግን ሥራው ፍርድ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ያ ሐሰት ነው፤ ይህ ድልድይ ይቆማል፣ ያኛው ይናዳል፤ ይህች ተማሪ አልፋለች፣ ያኛዋ ወድቃለች ይላል። ፍርድ ደግሞ ባለውለታን ከባዳ አይለይም። ከአንዱ ወገን ሙክት በልቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ሌላው ወገን እንደማያምነው ሁሉ፣ በልቶ የሚፈርድ ዩኒቨርሲቲም ይጠረጠራል። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ ማለት አልፎ አልፎ የበላበትን ወጪት መስበር ግዴታው የሆነ ተቋም ነው። ታዲያ ወጪት ሰባሪ በሚነወርበት አገር እንዴት ይኑር?

ሐይቅ በዚህ ላይ ብዙ ታስተምራለች። ትውፊቱ እንደሚለው ይኩኖ አምላክ በ1270 ዙፋን ሲይዝ አባ ኢየሱስ ሞዐ በጸሎትም በምክርም ከጎኑ ነበሩ። ንጉሡም በምላሹ ለገዳሙ ርስት ሰጠ፤ የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ዐቃቤ ሰዓት እንዲሆንም ቃል ገባ። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ያንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለት ገዳማት አንድን ንጉሥ «ያነገሥንህ እኛ ነን» እያሉ መሻማታቸው ራሱ የሚናገረው አለ፤ ባለጸጋ ወዳጅ ያለው ትምህርት ቤት ምን እንደሚያገኝ ጥንትም ይታወቅ ነበር። የቃል ኪዳኑን ዝርዝር የኋላ ጸሐፍት አስጊጠውት ይሆናል። የዐቃቤ ሰዓትነቱ ሹመት ግን እውነተኛ ነበር፤ የሐይቅ አበምኔት ለብዙ ዘመን ከንጉሡ ጆሮ ያልራቀ ሰው ነበር። ከዚህ ወዳጅነት የተገኘው ሁሉ ክፉ ነው የሚል ካለ ከላይ የጠራኋቸውን ስሞች መልሶ ያንብብ።

ዋጋው የመጣው ቆይቶ ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር በማለታቸው ከቤተ ክህነቱ አመራር ጋር ተጣልተው ነበር። በ1400 ገደማ ዐፄ ዳዊት ለክርክር አስጠሯቸው። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ትምህርቴን አልለውጥም አሉ፤ ታሰሩ። የታሰሩት እዚሁ ሐይቅ ነው። የሐሳባቸው ዋነኛ ተቃዋሚ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ፤ እስረኞቹም የተፈቱት እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ መጻሕፍት ያከማቹበት፣ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የተቀመጡበት ቦታ ከመቶ ዓመት በኋላ በሐሳብ የተለዩ ሊቃውንት የሚታሰሩበት ሆነ።

የነገሩ ቀጣይ ክፍል ከዚህም ይመርራል። በ1434 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገሡ። ከዚያ በፊት የነበሩት እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ግሸን አምባ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ የንጉሥ ዘሮች ተግዘው ነው። እኚህ ንጉሥ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰኑ። ማለትም ዙፋኑ ሐይቅ ውስጥ የታሰሩትን ሰዎች ትምህርት የራሱ አደረገው። ባለውለታው ሐሳቡን ለወጠ፤ ለባለውለታው ያደረው ትምህርት ቤት የወህኒውን ቁልፍ ይዞ ቀረ።

ሠረቀ ብርሃን ይህን ያደረጉት ታዘው ነው ብዬ አላምንም። ከልባቸው አምነውበት ይመስለኛል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ገንዘብ ሰጪ መጥቶ «ይህን አስተምር፣ ያን አታስተምር» ቢል ነገሩ ቀላል ነበር፤ እምቢ የሚል አንድ ደፋር መምህር አይጠፋም። ውለታ ግን ሲቆይ ትእዛዝ አያስፈልገውም። የደጋፊው ጥቅም ቀስ በቀስ የትምህርት ቤቱ ሕሊና ይሆናል፤ ሰው የፈራውን ነገር ያመነበት ይመስለዋል። ግሸን ላይ የታገቱት መሳፍንት ለቀለብ አይቸገሩም ነበር፤ ከመካከላቸው በድርሰት የተካኑ ነበሩ ይባላል። ቀለባቸው የተሰፈረ፣ ዙሪያቸው የተጠበቀ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ሳስብ አንዳንዴ ግሸን ትዝ ትለኛለች፤ የግሎቹን ሳስብ ደግሞ ሐይቅ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። የዘመኑ ትልቁ የግል ዩኒቨርሲቲና ንግድ ጋብቻ ታሪክም በሁለቱ የመንገዱ ጫፎች ያልፋል፤ ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ የተወለዱት ደሴ፣ ያደጉት ወልድያ ነውና። ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ በ1991 እ.ኤ.አ. በአቶ ፍስሐ እሸቱ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀመረ። በ1998 ኮሌጅ፣ በ2002 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ። በ2008 ዩኒቨርሲቲ ለመባል ፈቃድ ያገኘ የአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ተቋም ሲሆን በዚያው ዓመት የሼኩ ድርጅት ሚድሮክ ገዛው። የሚድሮክ ቴክኖሎጂ ግሩፕ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ዶክተር አረጋ ይርዳው ለዓመታት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ሆነው አገልግለዋል። ያን ጊዜ ይህን እንደ ነውር ያየው ሰው ጥቂት ነበር። እንዲያውም ብዙዎች የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅስ ሰው ተማሪ ምን መማር እንዳለበት ያውቃል ተባለ። ሐሳቡ ባዶ አልነበረም። ቲዎሪ አጥንቶ ማሽን ያልነካ ኢንጂነር ለማንም አይበጅም፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ይህን ከማንም በላይ ይመሰክራሉ።

አሁን አንድ ነገር በሐሳብ እንሞክር። ሚድሮክ ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ አጠገብ የለገደንቢን የወርቅ ማዕድን ያወጣል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ በጤናና በብክለት ጉዳይ አቤቱታ አንሥቶ የማዕድኑ ፈቃድ ታገደ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እገዳው ተነሣ። በዚያ ዘመን በድርጅቱ ባለቤትነት ሥር ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበረ እንበል። ከማዕድኑ በታች ያለውን ወንዝ ውኃ ቀድቶ ልመርምር ቢል ማን ይከለክለዋል? ምናልባት ማንም። «የአካዳሚክ ነፃነት አለህ» ይሉት ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ሐሳቡ ራሱ ይመጣለት ነበር ወይ ነው። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የምርምር ርእስ ሲመርጥ፣ ከመቶ ወንዞች መካከል ያን ወንዝ የሚዘለው እጁ ነው ወይስ አእምሮው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይህን የማነሣው ዩኒቲን ለመክሰስ አይደለም፤ ያው ጥያቄ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህርም ይቀርባል። እርሱም ስለ መንግሥት ድርቅ አያያዝ ወይም ስለ ሰሜኑ ጦርነት ሲጽፍ ብዕሩ የሚዘለው መስመር ይኖራል። ልዩነቱ መንግሥት ቢያንስ በሕግ ፊት የሁላችን ነው፤ ድርጅት ግን የባለቤቱ ነው።

በአሜሪካ ይህ ነገር ፊት ለፊት የፈነዳበት ጊዜ ነበር። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በባቡር ሐዲድ ሀብት ተሠርቶ በ1891 ተከፈተ። ባለሀብቱ ሊላንድ ስታንፎርድ ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸው ጄን ስታንፎርድ ብቸኛ አዛዥ ሆኑ። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ኤድዋርድ ሮስ የከተማ ባቡር የሕዝብ ንብረት ይሁን እያለ፣ የእስያ ሠራተኞች እንዳይገቡ እየሰበከ ሲያስቸግር በ1900 እንዲለቅ ተደረገ። ሰውየውን ለማሞገስ አልፈልግም፤ ስለ እስያውያን ይናገር የነበረው ዘረኝነት ነበር። የሚገርመኝ ግን ተቃውመው በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ፈላስፋው አርተር ላቭጆይ ነበር። የሮስን ሐሳብ መደገፍ ለመልቀቁ ግድ አልነበረም። እርሱ የተቃወመው የሐሳቡን ሐሰትነት መፍረድ የባለሀብቷ ሥልጣን መሆኑን ነው። ላቭጆይ በ1915 የአሜሪካ ፕሮፌሰሮችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ የዛሬው የመምህራን ዋስትና ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ስታንፎርድም አልፈረሰም። ወጪቱን የሰበሩት ሄዱ፤ ዩኒቨርሲቲው ከጊዜ በኋላ ከእነርሱ ተማረ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትልቅ ባለሀብት ነው። አብዛኛው የግል ኮሌጃችን ግን የሚኖረው በአንድ ባለጸጋ ስጦታ ሳይሆን በወላጅ ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አባት ልጃቸውን ደሴ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ያስተምራሉ። ክፍያው በየወሩ በሞባይል ባንኪንግ ይላካል፤ ልጅቱም ደረሰኙን ፎቶ አንሥታ ትልክላቸዋለች። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኤፍ መጣ። ሁለተኛው ቡና ላይ አባትየው ስልካቸውን ዘርግተው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አሳዩን። «አላጠናች ይሆናል፣ ልጄን አውቃታለሁ፤» አሉ፣ «ግን ከፍዬ? ከፍዬ እንዴት ነው የምትወድቀው?»

ከተቀመጥነው መካከል አንዱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ጥያቄው የዋህ ይምሰል እንጂ የነገሩ ውል ያለው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ደረሰኝ ሁለት ነገሮች ተከፍለዋል፤ ማስተማርና መፍረድ። ማስተማር ይሸጣል፤ መምህር ጊዜውን፣ ጉሮሮውን፣ ዝግጅቱን ሸጦ ይኖራል፤ ሶፊስቶቹ በአቴና ያደረጉትን ሶቅራጥስ ቢንቀውም እኔ አልንቀውም፤ ሶቅራጥስ ልጆቹን በምን እንዳሳደገ ሚስቱን ክሳንቲጴን መጠየቅ ነበር። ፍርድ ግን ሲሸጥ ስሙ ጉቦ ነው። የግል ኮሌጁ ችግር ተፈራጇ ራሷ ከፋይ መሆኗ ነው። መምህሩ አንዲት ተማሪ በጣለ ቁጥር የደመወዙን ምንጭ በአንድ ይቀንሳል። ዲኑ አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገው። መምህሩ ማርክ ሲሞላ ብዕሩ ከፍ ይላል። ዋጋውን የምትከፍለው ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ናት፤ ዲግሪዋ ካላጠናችው ዲግሪ እኩል ዋጋ ያጣል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. አሳየ። በመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈታኞች 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈታኞች ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩን ስንጠቅስ ለግሎቹ ፍትሕ መንፈግ አይገባም። ብዙውን ጊዜ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው የተሻለ ውጤት ያመጣው ተማሪ ነው፤ ወደ ግሉ የሚሄደው የቀረው፣ ወይም ቀን እየሠራ ማታ የሚማረው ነው። በቀን ባንክ ቤት ተቀምጣ ማታ የምትማር እናት የግል ኮሌጅ ባይኖር ዲግሪ አታስብም ነበር። ይህን ሁሉ ቀንሰንም የሚቀር ነገር አለ። እነዚያ ሁሉ ተማሪዎች ፈተናው አዳራሽ የደረሱት በየኮሌጃቸው ኮርሱን ሁሉ «አልፈዋል» ተብለው ነው። በውጭ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ከስድስት አምስቱ ያህል ወደቁ። የወደቀው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የተሰጠው ፍርድም አብሮ ወድቋል።

መንግሥት ዳኝነቱን ወደ ራሱ ሲመልስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2010 እ.ኤ.አ. የግል ተቋማት ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ከልክሎ ነበር። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኮምፒውተር ይቀጥሉ ተባለ። ፈላስፋው ካንት በ1798 ስለ ፋኩልቲዎች ጠብ የጻፈውን ለሚያውቅ ይህ ምርጫ አያስደንቅም። መንግሥት ሁልጊዜ በሕዝቡ ኑሮ ላይ ተጽዕኖ ያላቸውን ትምህርቶች እጁ ላይ ማቆየት ይፈልጋል ይላል ካንት፤ በእርሱ ዘመን ሥነ መለኮት፣ ሕግና ሕክምና ነበሩ። ፍልስፍናን ግን ማንንም ስለማታዝዝ ለራሷ ይተዋታል፤ የሌሎቹን እውነት የመመርመር መብትም ሊሰጣት ይገባል። እኛ ጋ ዳኛና አስተማሪ የሚያፈራው ትምህርት ለመንግሥት፣ ሒሳብ ያዥ የሚያፈራው ለገበያ ተከፋፈለ። ለመመርመር ብቻ የምትኖረዋን ትምህርት ግን መንግሥትም ገበያም እምብዛም አልፈለጋትም። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የግል ኮሌጅ የፍልስፍና ዲፓርትመንት የሚፈልግ ሰው መንገዱን ባያስረዝም ይሻለዋል።

ዳኝነት በዙፋን እጅ መሆኑም መድኃኒት እንዳልሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1878 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ፊት የሃይማኖት ክርክር ተደረገ። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ፍርዱ የንጉሡ ሆነ። የወሎ ሙስሊሞችም ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የታዘዙት በዚያው ጉባኤ ነው። ክርክሩን ማን በዕውቀት እንደረታ መናገር የሚቻል አይመስለኝም፤ ጦር ያለው ሲፈርድ ዕውቀቱ አይታይምና።

እንግዲህ ንጉሥም፣ ባለሀብትም፣ ተማሪ ራሱም ከፋይ ሲሆን ፍርዱን ይጫናል። የቀረ ሰው አለ? አለ፤ ወሎ ውስጥ ለዘመናት በየደጁ የቆመ ነው። የቆሎ ተማሪውን አስቡ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አንዲት ሴት ከጓዳ ወጥታ ቁራሽ እንጀራ ትሰጠዋለች። ገና ፊደል ላይ ይሁን ወይስ መወድስ ይቁጠር አታውቅም፤ ልትጠይቅም አይገዳትም። የእርሷ ቁራሽ የልጁን ማዕረግ አይጨምርም፣ ብትከለክለውም አይቀንስም። የኔታ በበኩሉ ከልጁ ኪስ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ቅኔው ከተበላሸ ፊቱ ላይ ያርመዋል፣ ሲበቃ ያስመሰክረዋል፣ ካልበቃ ሌላ ክረምት ያቆየዋል። በሙስሊሙም ወገን በዳና፣ በጀማ ንጉሥ፣ በጌታ ሲቀራ የኖረው ደረሳ ኑሮው ይኸው ነበር። ገበሬውና ነጋዴው ያበሉታል፤ ሸሁ ኪታቡን ያስቀሩታል፤ የማስተማር ፈቃዱ ኢጃዛ የሚሰጠው በሸሁ እጅ እንጂ እህል በሰጠው ነጋዴ እጅ አልነበረም።

ይህን የድህነት ታሪክ አድርገን ስናወራው አንድ የረቀቀ ነገር ሳናይ እናልፋለን። በዚያ ሥርዓት ሰጪው ፈራጅም ተፈራጅም አልነበረም። ሰጪዎቹም ብዙ ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው ስጦታ ትንሽ ስለሆነ የትኛውም «የእኔ ነህ» የማለት መብት አላገኘም። ለመቶ ደጅ ባለዕዳ የሆነ ሰው ለአንድ ጌታ አያድርም። ልመና ነፃነት ነበር ብል የቆሎ ተማሪነትን የቀመሱ አዛውንት ይስቁብኝ ይሆናል፤ ቁንጫውንና ረሃቡን እነርሱ ያውቁታል። ቢሆንም ነገሩን ከአውሮፓ የዩኒቨርሲቲ ቻርተሮች ጋር ሳስተያይ የእኛ ገበሬዎች ያለ ወረቀት ያቆሙት የአካዳሚክ ነፃነት ያስቀናኛል።

አላሞግሰውም ግን። ሴት ልጅ እዚያ አልነበረችም፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬም ለሴቶች ዝግ ነው። ከላይ ያነሣኋት የአካውንቲንግ ተማሪ በአሮጌው ሥርዓት ቁራሽ የምትሰጥ እንጂ የምትቀበል አትሆንም ነበር፤ በዚህ ረገድ ከገዳሙ ይልቅ የግል ኮሌጁ ጨዋ ነው። ላቦራቶሪም በቁራሽ እንጀራ አይገዛም። የዛሬ ትምህርት ማይክሮስኮፕ፣ ሰርቨርና ጄኔሬተር ይፈልጋል፤ ይህን የሚችለው ብዙ ገንዘብ ያለው ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከዩኒቨርሲቲ ይውጣ የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። ይግባ፤ ሕንፃውን ይሥራ፣ ተማሪውን ፋብሪካው ውስጥ ያለማምድ፣ ስሙንም በር ላይ ይጻፍ፤ የወልድያ ሰው በስቴዲየሙ ላይ የአል-አሙዲን ስም ሲያነብ ደስ እንደሚለው እኔም ደስ ይለኛል። ፍርዱን ብቻ ይተው። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አይሁን። ማርክ የሚሰጠው መምህር ውሉ በተማሪ ብዛት አይታሰር። የመጨረሻውን ፈተና የሌላ ተቋም መምህራን ያርሙት፤ መንግሥት ብቻ ሲያርመው ደግሞ ቦሩ ሜዳ እንዳይሆንብን ሌላ ዓይን ይኑርበት።

ብዙ ትንንሽ ሰጪ የማሰባሰብ ጥበብም አልጠፋብንም። ለዓባይ ግድብ ቦንድ የገዛው ሊስትሮም ሚሊየነርም ነው። ቅሬ ቀብርን ያህል ወጪ በየወሩ ጥቂት ብር እያሰባሰበ ይችላል። አንድ ባለሀብት መቶ ሚሊዮን ብር ከሚሰጠው ኮሌጅ ይልቅ መቶ ሺህ የወሎ ተወላጅ አንድ አንድ ሺህ ብር ያዋጣለት ኮሌጅ በእኔ ፍርድ ይበልጣል። ገንዘቡ እኩል ነው፤ የሁለተኛው ኮሌጅ መምህር ግን ማታ የምርምር ርእስ ሲመርጥ የሚዘለው ወንዝ የለውም። አዲስ አበባም ባሕር ማዶም ያሉ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ለትውልድ ቀያቸው ጤና ጣቢያና ቤተ እምነት ለመሥራት ሲያዋጡ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ለማቆም ሲያዋጡ ግን እስካሁን አላየሁም።

እስከዚያ ድረስ ልጁን ወደ ግል ኮሌጅ የሚልክ ወላጅ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ምዝገባ መስኮቱ ላይ ስለ ሕንፃው ፎቅና ስለ ምርቃቱ ጋዋን ከመጠየቁ በፊት «አምና ስንት ተማሪ ጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ቁጥሩን በግልጽ ከነገሩት ይክፈል። «እኛ ጋ ማንም አይወድቅም» ካሉት ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ይሂድ።